ወንድሜን በዋስ ያስፈታሁት እንዲህ ነው

ታናሽ ወንድሜ በጠብ ተጠርጥሮ ሐሙስ ማታ ታሰረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ አርብ ጠዋት ቀረበ። ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ጠየቀ፣ ዳኛዋ ግን በ5,000 ብር ዋስ ይውጣ አሉ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ብሩን ገንዘብ ያዥ ጋ ከፍዬ፣ ደረሰኙን ይዤ በቀጥታ ጣቢያ ሄድኩ። «የመፍቻ ትዕዛዙስ?» አሉኝ። ለካ ደረሰኝ ብቻውን አያስፈታም፤ መጀመሪያ ኮፒውን ለችሎቱ ጸሐፊ ሰጥቶ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ ማኅተም ያረፈበትን የመፍቻ ደብዳቤ ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። በላዳ ተመለስኩ። አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ልታነሳ ስትል ደረስኩ፤ እግዜር ይስጣት፣ ተመልሳ ተቀምጣ ጻፈችልኝ። ማኅተሙ ሳይደርቅ ይዤው ሮጥኩ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ የጣቢያው በር ላይ አቀፈችው።

አደራ፣ ዋናውን ደረሰኝ እንዳትጥሉት። የተፈታው ሰው በየቀጠሮው ከቀረበ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ብሩ የሚመለሰው በደረሰኙ ነው። ከቀረ ግን ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። ዋስትና የተከለከለባችሁ ደግሞ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ።