በደብረ ብርሃን ደጋ የቤት አበባና የጓሮ አትክልት አያያዝ፤ ለጀማሪዎች

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ባሉ ደጋማ ወረዳዎች የቤት አበባ ማሳደግ የጀመረ ሰው የመጀመሪያ ተክሉን ብዙ ጊዜ የሚያጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን፣ ጥፋቱንም ወዲያው በብርዱ ላይ ያላክካል። ብርዱ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የበጋ ሌሊት ምን እንደሚመስል የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከጣሪያ በታች ያለን ተክል በአብዛኛው የሚገድለው ብርዱ ብቻውን ሳይሆን በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ይህን የተረዳ ጀማሪ የቀረውን ቀስ በቀስ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ከውኃው እጀምራለሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ቀይ ጌራኒየም ነው። በዘይት ቆርቆሮ ተክዬ መስኮት ላይ አስቀምጫት፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ አጠጣት ነበር። በኅዳር መጨረሻ የታችኞቹ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ሲልፈሰፈሱ የጠማት መስሎኝ ውኃውን ሁለት ብርጭቆ አደረግሁት። ከሳምንት በኋላ ግንዷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ፣ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ለስልሶ አገኘሁት። ቆርቆሮውን ገልብጬ አፈሩን ሳወጣ፣ ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማና የሚያሙለጨልጭ ሆኗል፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ሽታው የረግረግ ጭቃ ሽታ ነበር። የቆርቆሮው ታች አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች አየር የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ በውኃ ከተሞሉ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይታፈናል፣ የሚያበሰብሱ ረቂቅ ነፍሳትም ያን ጊዜ ይበረታሉ። ብርድ ሲገባ ደግሞ ተክሉ እድገቱን ስለሚቀንስ የሚጠጣው ውኃ ያንሳል፣ አፈሩም ቶሎ አይደርቅም፤ በመሆኑም በሚያዝያ ልክ የነበረው የውኃ መጠን በታኅሣሥ ከልክ በላይ ሆኖ ለጥፋት ይሆናል። ጀማሪን ይበልጥ የሚያሳስተው ሥሩ የበሰበሰ ተክልም እንደ ተጠማ ተክል መጠውለጉ ነው፤ ሥሩ ከሞተ ውኃ መሳብ አይችልምና በውኃ መካከል ሆኖ ይጠማል። ስለዚህ የጠወለገ ተክል ሲያዩ ወደ ውኃው ከመሮጥዎ በፊት አፈሩን ይንኩ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ የታችኛው ቅጠል ቢጫና ለስላሳ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። አፈሩ ደርቆ፣ የቅጠሉ ጫፍ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነና ዕቃው ሲነሳ ቀለል ካለ ግን በእርግጥ ጠምቶታል።

ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ይቅር። አመልካች ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት፣ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ። ትልቅ ባልዲ ከሆነ ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክተው ጥቂት ቆይተው ቢያወጡት፣ የተጣበቀበት እርጥብ አፈር የውስጡን ሁኔታ ይነግርዎታል። በዚህ መንገድ ሲሄዱ በበጋው ብርድ ለአንዳንዱ ተክል አሥር ቀን፣ ለእሬትና ለሳንሴቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ ለሚቆመው የቤት ተክል) ሦስትና አራት ሳምንት ያለ ውኃ ማለፉ የተለመደ መሆኑን ያያሉ። ሲያጠጡ ግን ላዩን ብቻ አያርሱት፤ ውኃው በታችኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ያጠጡና ከሥሩ ባስቀመጡት ሳሕን ላይ የተጠራቀመውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉት። በታኅሣሥ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ የሚያደነዝዝ በመሆኑ ማታ ቀድተው ቤት ውስጥ አሳድረውት፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ማታ ማጠጣት በዚህ አገር አይመከርም፤ አፈሩም ቅጠሉም ረጥቦ ያድራልና።

ዕቃውና አፈሩ

ውድ የአበባ ማስቀመጫ መግዛት ግዴታ አይደለም። የሸክላ ማሰሮ በግድግዳው እርጥበት ስለሚያስወጣ ለደጋ እጅግ ይስማማል፤ የዘይት ጀሪካን፣ በደንብ የታጠበ የቀለም ባልዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያም ያገለግላል። ዋናው ቀዳዳው ነው። ለፕላስቲክ ዕቃ ምስማር በጉጠት ይዘው በእሳት አግለው፣ ከታች አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ በእርሳስ ውፍረት ልክ ይብሱ፤ ሽታው ስለሚያፍን ይህን ሥራ ደጅ ላይ ይሥሩት። አፈሩ እንዳይወርድ በቀዳዳው ላይ ገል ወይም የወንፊት ቁራጭ ያድርጉ። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ሲደረደር ውኃ በደንብ የሚወርድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይሻገር ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቋጥራል፤ ለሥር የሚሆነውም ቦታ ያንሳል። ጠጠሩ ይቅር።

የአካባቢያችን መረሬ አፈር ለእርሻ መልካም ቢሆንም ለባልዲ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጨማለቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውኃው በስንጥቁ በኩል ሥሩን ሳይነካ ይወርዳል። ሁለት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ሸካራ አሸዋ ቢቀላቅሉ ለአብዛኛው ተክል ይበቃል፤ ለእሬት፣ ለጦስኝና ለጥብስ ቅጠል አሸዋውን በእጥፍ ያድርጉት። ልክ መሆኑን ለማወቅ ድብልቁን በትንሹ አርጥበው በጭብጥዎ ይጨብጡት፤ እጅዎን ሲከፍቱ ቅርፁን ይዞ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው፣ እንደ ጭቃ ኳስ ከጸና ግን አሸዋ ይጨምሩ።

ፍግን በተመለከተ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ የከብት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ለአፈር የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የቤት እመቤትን እንጀራ ከሚጋገርበት ማገዶ ላይ ቀንሺ ማለትም አይገባም። ስለዚህ የአትክልት ልጣጭ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የበግ በጠጥና የቡና አተላ በአንድ ጥግ እየተከመረና አልፎ አልፎ እየተገለበጠ እንዲበሰብስ ማድረግ ይበልጥ ያዋጣል። በብርድ ምክንያት መበስበሱ ወራት ይወስዳል። ክምሩ የእበት ሽታው ጠፍቶ የዝናብ አፈር ሲሸት፣ መሐሉም መሞቁን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው፤ ያልበሰበሰ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የቡና አተላን በቀጥታ ላዩ ላይ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ወፍራም ሲሆን እየደረቀ ቅርፊት ይሠራል፣ ሻጋታም ያወጣል። አመድም ቢሆን ለጓሮ መደብ በስሱ ይነስነስ እንጂ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል።

መስኮቱ

ስለ አበባ የተጻፉ ብዙ ምክሮች ደቡብ የሚያይ መስኮት ዘወትር ፀሐይ ያገኛል፣ ሰሜን የሚያየው ዘወትር ጥላ ነው ይላሉ። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ የተባለ ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ገደማ ላይ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ በስተደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ በብርዱ ወራት ሙቀትና ብርሃን የሚሰጠው የደቡብ መስኮት ሲሆን፣ በግንቦት ግን ያው መስኮት የቀትር ፀሐይ አያገኝም። ተክልን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ ለማቆየት የሚሻ ጀማሪ ምሥራቅ የሚያየውን መስኮት ይምረጥ፤ የጠዋቱ ፀሐይ ሌሊቱን የቀዘቀዘውን አፈር ያሞቃል፣ እንደ ከሰዓቱም አይከብድም። በከፍታችን ምክንያት የቀጥታው ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ እንደ ፖቶስ (ሐረግ መሰሉ የቤት ተክል) ያሉ ጥላ ወዳድ ተክሎች በስስ መጋረጃ ጀርባ ይቀመጡ፤ ፖቶስ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ይስቀሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ዕቃውን ሩብ ዙር ያዙሩት፤ ያለዚያ ተክሉ ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከመስተዋቱ አንድ ክንድ ያህል ያርቁት፤ በታኅሣሥ ሌሊት መስተዋቱን ነክቶ ያደረ ቅጠል ጠቁሮ ይነጋል።

ምን ይተከል?

ጀማሪ በቲማቲም እንዲጀምር አልመክርም። ቲማቲምና ቃሪያ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ለሚገኙት ለሸዋ ሮቢት ሰዎች የተሰጡ ናቸው፤ ደጋ ላይ አንድ የውርጭ ሌሊት የወራትን ልፋት ይወስዳል። በነገራችን ላይ ሸዋ ሮቢት ያለ አንባቢ ከላይ ስለ ውኃ ያልኩትን እንዳለ መውሰድ የለበትም፤ በቆላው ሙቀት ትንሽ ዕቃ በአንድ ቀን ሊደርቅ ስለሚችል ጣቱን በየቀኑ ይስደድ። ለደጋ ጓሮ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ብርድ ይችላሉ። ድንብላል በባልዲ ሳይቀር ያምራል፤ አንዷ ክብ ፍሬ ሁለት ዘር የያዘች ስለሆነች በመዳፍ ታሽታ ለሁለት ተከፍላ፣ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፋ ትዘራ። በብርድ እስከ ሦስት ሳምንት ልትቆይ ስለምትችል ተስፋ ቆርጦ አፈሩን መቆፈር አያስፈልግም። በሶብላ ውርጭ ፈጽሞ አይችልም፤ ቦታው የቤት ውስጥ መስኮት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የጥብስ ቅጠል እንዲተክሉ እወዳለሁ፤ ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ በመለመን ያለ ወጪ ይጀመራልና። ያላበበና በጣም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገው፣ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጡ፤ የታችኛውን ሢሶ ቅጠል ይግፈፉ። እኩል በተቀላቀለ አሸዋና አፈር ውስጥ በጣት ቀድመው ቀዳዳ ሠርተው ይስኩትና ዙሪያውን ጠበቅ ያድርጉት። ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃናማ ቦታ ይቆይ፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ ብለው ሳብ ሲያደርጉት ከታች ይዞ እንቢ ካለ ሥር ሰድዷል። ጤና አዳምም በዚሁ መንገድ ይባዛል፤ ሆኖም ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን አቃጥሎ ስለሚያቆስል፣ ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ ወይም ወዲያው እጅዎን ይታጠቡ። በአካባቢያችን ተራራ ላይ የሚበቅለው ጦስኝም ባልዲ ውስጥ ይለምዳል፤ እርሱን የሚገድለው የውኃ ብዛት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ጎመኑን ወይም አበባውን ከወረረ ቅጠሉን ገልብጠው ከሥሩ በውኃ ይጠቡት፤ ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ይርጩና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ከአፈሩ ላይ የሚነሡ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካዩ ደግሞ ውኃው እንደበዛ ይወቁ።

ውርጭ

ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ነው፤ ምድር ሙቀቷን የሚመልስ ደመና ስለሌለ ሙቀቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ቀዝቃዛው አየርም ከባድ በመሆኑ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈሳል። ስለዚህ በግቢዎ ውስጥ ረባዳውን ትተው ከፍ ያለውን፣ በተለይም ቀን ፀሐይ የሚያርፍበትን የድንጋይ ግንብ ሥር ይምረጡ፤ ግንቡ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። በጥቅምትና በጥር መካከል ማታ ኮከቡ ጎልቶ ከታየና ቅጠል የማይነቃነቅ ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳይቆዩ ይሸፍኑ። ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ማናቸውም ቢሆን ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ተክለው በላዩ ይጣሉት፣ ጠርዙም መሬት ይንካ፤ የሚጠበቀው ከመሬቱ የሚወጣው ሙቀት ነውና። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ የጓሮውን መደብ በቀትር ማጠጣት ይረዳል፤ ይህ ለመሬቱ እንጂ ለባልዲው አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ሽፋኑን ያንሡ።

ውርጭ የመታው ተክል ቅጠሉ በማለዳ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆኖ ሲታይ፣ ቆርጦ የመጣል ስሜት ይመጣል። አይቁረጡት። የደረቀው ክፍል ከሥሩ ላለው እምቡጥ ሽፋን ነው፤ በተጨማሪም አሁን ቢቆረጥ የሚያወጣውን ለጋ ቀንበጥ ቀጣዩ ውርጭ ይበላዋል። ጥር አልፎ የካቲት ሲጋመስ ከጫፍ ወደ ታች እየወረዱ ልጡን በጥፍርዎ በስሱ ይፋቁ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ዝቅ ይበሉ፣ እርጥብ አረንጓዴ ያገኙበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ከዚያ በታች ካለው የመጀመሪያ አንጓ ጥቂት ከፍ ብለው ይቁረጡ።