መምህራንን ስለ ሐይቁ ለማሰልጠን ከትምህርት ቤቱ ቦይ ጀምሩ

ሐዋሳ ውስጥ መምህራንን ስለ ሐይቃችንና ስለ ተፋሰሱ አሰለጥናለሁ። በፊት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። አሁን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪዎች “እኛም በትምህርት ቤቶች ጉድኝታችን ስልጠናውን ልንሰጥ ነው፣ ከየት እንጀምር?” እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የምሠራበትን መንገድ እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሐይቁን ለጊዜው ተዉት። ስልጠናውን ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄዶ መክፈት ያምራል፣ ነፋሱም ደስ ይላል። ግን መምህሩ እዚያ ቆሞ የሚያስበው ስለሚያየው ውኃ ብቻ ነው። የሐይቁን ጤና የሚወስነው ደግሞ ወደ እሱ የሚወርደው መሬት ሁሉ ነው። ስለዚህ የምጀምረው ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። ሰልጣኞቹን ግቢ አውጥቼ “ከዚህ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ የት ይደርሳል?” እላለሁ። “ቦዩ ውስጥ ይገባል” ይሉኛል። ከዚያስ? እዚህ ጋ መልሱ ይለያያል። በሉ ሄደን እንየው እላቸዋለሁ።

ቦዩን ተከትለን በእግር እንሄዳለን። ሁሉም ደብተርና እስክሪብቶ ይይዛል። በመንገዱ ወደ ቦዩ የሚገባውን ሁሉ ይጽፋሉ፦ ከላቫጆ የሚወጣ የሳሙናና የዘይት ውኃ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ። ሰፈርተኛውንም ያነጋግሩ። ቦዩ የት ጋ እንደሚዘጋ፣ ጎርፉ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ከእናቶች በላይ የሚያውቅ የለም። ጉዞውን አታሳጥሩት። ስንት ፓወር ፖይንት ብታሳዩ ይህን አያክልም።

ስትመለሱ ወለሉ ላይ በቾክ ካርታ ይሳሉ። ትምህርት ቤታቸውን፣ ቦዩን፣ ሐይቁን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ ተራራዎቹን። እዚህ ላይ መምህሩ ጠንቅቆ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ነው። የሚተነው ደግሞ ውኃው ብቻ ነው፤ ደለሉና ፕላስቲኩ እዚያው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው። እሱም ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱ ወንዞች በጨለለቃ ረግረግ አልፈው የሚፈጥሩት ነው። ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ነው፤ የረግረጉ ሣር ጎርፉን እያዘገየ ደለሉን ያስቀርልናል። ረግረጉ በታረሰና በተደፈነ ቁጥር ያ ሁሉ አፈር ማረፊያ አጥቶ ወደ ሐይቁ ይቀጥላል። መምህሩ ይህን ከገባው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

ቀጥሎ የሃይላንዱ ሙከራ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሦስት ሃይላንዶችን አጋድሙና በላይኛው ጎናቸው በቢላ ክፈቷቸው። ሦስቱንም ከግቢው በተቆፈረ አንድ ዓይነት አፈር እኩል ሙሏቸው። አንደኛው ባዶ አፈር ይሁን። ሁለተኛው ላይ ደረቅ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ሦስተኛው ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት ገብስ ዝሩበት፤ ሥሩ አፈሩን እስኪይዝ ነው የምትጠብቁት። ከዚያ ዴስክ ላይ ደርድሯቸው፣ አፋቸው ወደ ታች ትንሽ ይዘንበል፣ ክዳናቸው ይውለቅ። ከየአፋቸው ሥር ብርጭቆ አድርጉ። ክዳኑ በተበሳ ሌላ ሃይላንድ ለሦስቱም እኩል ውኃ ከእኩል ከፍታ አዝንቡ።

ከባዶው አፈር የሚወርደው ቶሎ ይመጣል፣ ቀለሙም ድፍርስ ያለ ቡናማ ነው። ከገብሱ የሚወርደው ዘግይቶ ጠብ ጠብ ይላል፣ የጠራም ነው። የመጀመሪያው ጠብታ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልካቸው ይለኩ። መምህራን ብዙ ጊዜ “ገብሱ አጣራው” ይላሉ። ይህን ሳታርሙ አትለፉ። ማጣራቱ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው፣ ቅጠሉ የዝናቡን ምት ስለተቀበለና ሥሩ አፈሩን ስለያዘ አፈሩ መጀመሪያውኑ አለመነሳቱ ነው። ለእርከንም ለክትርም የሚሰጠው ማብራሪያ ከዚህ ይጀምራል፤ ቦረቦር ከሆነ በኋላ ከመሙላት ሳይነሳ መያዝ ይረክሳል። ብርጭቆው ላይ ነጫጭ ጠጠር ተንሳፍፎ ካያችሁ ፑሚስ ነው። ከድሮ እሳተ ገሞራ የቀረ፣ አየር የሞላው ድንጋይ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ጎርፍ በቀላሉ ይወስደዋል። ልጆች ይህን ይወዱታል። ብርጭቆዎቹን አሳድሯቸውና የተኛውን ደለል በማስመሪያ ለኩ።

አደራ፣ ሙከራውን እናንተ ሠርታችሁ አታሳዩ። ሃይላንዱን የሚቆርጠው፣ አፈሩን የሚሞላው፣ ውኃውን የሚያፈሰው መምህሩ ይሁን። ከዚያ ለአጠገቡ ባልደረባ በአሥር ደቂቃ ያስተምረው። እጁ ያልነካውን ሙከራ ክፍል ውስጥ ደፍሮ የሚሠራ መምህር አላየሁም።

ወደ ወንዝና ሐይቅ የምትወርዱ ከሆነ አንድ ነገር አይደራደሩበት፦ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ የሚገባ ሰው አይኖርም፣ ተማሪ ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ቢልሃርዝያ እዚህ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ውኃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። ጉማሬም አለ። ናሙና በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ጣሳ ይቀዳል። ቀጂው ጓንትና ቦቲ ያድርግ። የተቀዳውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ ነፍሳቱን በሻይ ማጥለያ ለዩ። ቀይ ቀጫጭን ትሎች ብቻቸውን ከበዙ ውኃው ኦክስጅን አንሶታል ማለት ነው። ንጹሕ ወንዝ ውስጥ ዓይነታቸው ይበዛል።

ብዙ አሰልጣኞች የሚዘሉት አንድ ጉዳይ አለ። ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ አባቱ ባጃጁን ሐይቅ ዳር ያጥብ ይሆናል። እናቱ ልብስ አጥባ ታሳድገው ይሆናል። መምህሩ “ሐይቁን የሚበክሉት እነ እገሌ ናቸው” ካለ ያ ልጅ አንገቱን ይደፋል፣ ትምህርቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ በስልጠናው ላይ ጥያቄ መጠየቅን እናለማምዳለን። “ባጃጁ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ቢታጠብ ውኃው የት ይሄዳል? ሣር ላይ ቢሆንስ?” እንዲህ ያለውን ልጁ ቤቱ ይዞት ይገባል። ከአሞራ ገደል አንድ አንጋፋ ዓሣ አጥማጅ ብትጋብዙም ጥሩ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ደለል የት የት እንዳለበሰው አጥማጁ በጣቱ ያሳያችኋል። ውይይቱ በሲዳምኛም በአማርኛም ይሁን፣ ወንዞቹም ሰፈርተኛው በሚጠራቸው ስም ይጠሩ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ሆኖ ሚያዝያ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ። የበልጉ ዝናብ ቦዩን ስለሚሞላው የሚታይ ነገር አለ። በሴሚስተር እረፍት ከሆነ ቦዩ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ከ25 ሰው አይብለጥ። ገንዘቡን ለባነርና ለአዳራሽ ሳይሆን ለመምህራኑ ትራንስፖርትና ምሳ አውሉት፤ ይገባቸዋል። ተሳትፏቸው በተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ፋይላቸው እንዲያዝም ከዳይሬክተሩ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

ሲሄዱ ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ባዶ ሃይላንድ ስጡት። ከስልጠናው በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ከትምህርት ቤቱ ቦይ ይቀዳ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍበት፣ ሳይነቀነቅ ያስቀምጠው። ከወር በኋላ ስትገናኙ ሃይላንዶቹን ከተራራው ሥር ካለው ትምህርት ቤት ጀምራችሁ እስከ ሐይቁ ዳር በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ደለሉ በአንዱና በሌላው መካከል ድንገት የሚወፍርበትን ቦታ ፈልጉ። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን በቀጣዩ ቅዳሜ ክበባቸውን ይዘው የሚሄዱት እዚያ መሐል ወዳለው ቦይ ነው።