ክሩ ሳይበጠስ፦ የምትወዱትን ዘፋኝ ካሴት ከድሬ ሙቀት ማትረፍ

የአሊ ቢራ ወይም የጥላሁን ገሠሠ ወዳጅ በሆነ ሰው ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ካርቶን ካሴት አይጠፋም። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ካርቶኑ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጡ ነው፤ ካሴት የሚስማማው 20 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ደረቅ ክፍል ነው። ሐረር ዘመድ ካላችሁ ካርቶኑን እዚያ ማቆየት ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ሙቀቱ ይቀንሳል። ግን ቦታ መቀየር ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው መቅዳት ነው።

ያረጀ ካሴት ከዚህ በኋላ ስንቴ እንደሚዞር አይታወቅም። ስለዚህ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብላችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ የሚዞርበት ቀን የሚቀዳበት ቀን ይሁን።

የትኛውን ማስቀደም? ሱቅ ሲሸጥ የነበረው የታዋቂ ዘፋኝ ካሴት ሌላም ቤት ይገኛል፤ እሱ ይቆይ። ቅድሚያው ሠርግ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ ወይም ሳሎን ተቀምጦ የተቀዳው፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ስም ብቻ የተጻፈበት ነው። ያ ከጠፋ ሌላ ቅጂ የለውም።

ከማጫወታችሁ በፊት በመስኮቱ ወደ ክሩ ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ አታጫውቱት፣ ወደ ማጫወቻውና ወደሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ቀጥሎ ክሩ በሚወጣበት አፍ በኩል በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ስፖንጅ ፈልጉ። ክሩን ወደ ሄዱ (ድምፁን ከክሩ ወደሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) የምትገፋው እሷ ናት፤ ሙጫዋ በሙቀት ደርቆ ስትወድቅ ድምፁ በትራስ የታፈነ ይመስላል፣ ጸናጽሉም ይጠፋል። መፍትሔው ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቅርፊት ማዛወር ነው። በአምስት ብሎን የተዘጋ ርካሽ ካሴት በትንሽ ካቻቢቴ ክፈቱና ሁለቱን ጥቅሎች ሳትገለብጡ አስቀምጡ። ክሩ በሁለቱም ጥግ ባሉት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ ማለፉን ሳታዩ አትዝጉ። ዋናው ካሴት ብሎን የሌለው፣ በሙጫ የታሸገ ከሆነ ስፌቱን በምላጭ ቀስ ብሎ መክፈት ነው፤ ቅርፊቱ ቢሰበር አይቆጫችሁ።

ክሩ ከተበጠሰ ሁለቱን ጫፎች ደራርባችሁ በሰያፍ ቁረጡ፣ ገጥማችሁም በጀርባው (ሄዱን በማይነካው በኩል) ለጥፉ። ለካሴት መቀጠያ የተሠራ ማጣበቂያ ካላገኛችሁና ተራውን ፕላስተር ከተጠቀማችሁ በዚያው ቀን ቅዱት። በድሬ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል።

ማጫወቻውም መጽዳት አለበት። ጥጥ በአልኮል አርሳችሁ ሄዱን ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ጥረጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የጎማውን ተሽከርካሪ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ፣ አልኮል ጎማ ያደርቃል። ደርቆ የሚያብረቀርቅ ጎማ ክር ይበላል። ከዚያ በማትሳሱለት ካሴት ሞክሩ። ሲ-60 ካሴት አንዱ ገጹ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚወስደው፤ 27 ላይ ካለቀ ማጫወቻው ይፈጥናል፣ 33 ከፈጀ ማጫወቻውን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቷል።

ዋናውን ካሴት ከመቅዳታችሁ በፊት እስከ ጫፍ አዙራችሁ መልሱት፤ ተጣብቆ የከረመው ጥቅል ይላቀቃል። ሲጮህ ወይም ቡናማ ዱቄት ሲያራግፍ ካያችሁ ግን አቁሙ።

ለመቅዳት ከማጫወቻው የመስመር መውጫ (LINE OUT) ወደ ላፕቶፑ የመስመር መግቢያ (LINE IN) ገመድ ዘርጉ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎን ወደ አንድ ያጣምራል፣ ድምፁንም ያንጫጫል፤ ርካሽ የዩኤስቢ ድምፅ መቀየሪያ ይሻላል። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ ቻርጀር ሲሰካ የሚሰማው እምምም የሚል ድምፅ ከመብራት መስመር የሚመጣ ነው። ማራገቢያውንም ለዚያ ሰዓት አጥፉ። ላብ ይቻላል።

ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በዌቭ ፎርማት አስቀምጡ፤ 30 ደቂቃ ገጽ 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ ከሲቀነስ 6 ዴሲቤል አይለፍ። መለኪያው ቀዩን ከነካ በኋላ ድምፁን በትክክል ወደ ነበረበት የሚመልስ መሣሪያ የለም፣ እንደገና መቅዳት ነው። እያንዳንዱ ገጽ እንዳለቀ አስቀምጡ፤ መብራት ሄደ ብሎ ማጫወቻው ቢቆምም የመጀመሪያው ገጽ እጃችሁ ላይ ይሆናል። ሹሹታ ማጥፊያውን በዋናው ቅጂ ላይ አትሞክሩ። ከሹሹታው ጋር የዑዱን ጫፍ ይቆርጣል፣ ዘፋኙም ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ለስልካችሁ ኤምፒ3 ስታወጡ እንደፈለጋችሁ አጽዱ።

ስም አሰጣጥ ላይ ሰው ይሰንፋል፣ በኋላ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው። ኮምፒውተር «አሊ»ን እና «ዓሊ»ን፣ «ሀረር»ን እና «ሐረር»ን አንድ አድርጎ አያይም፤ አንዱን ፊደል ምረጡና በእሱ ጽኑ። አሊ ቢራ በልደት ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው፤ በዚያ ስም የተጻፈ ካሴት ስታገኙ ሌላ ዘፋኝ መስሏችሁ እንዳትለዩት። በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በዓረብኛም ስለዘፈነ የዘፈኑን ቋንቋ ከፋይሉ ስም ጋር ጻፉ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.» ብላችሁ ለዩት፤ ሽፋኑ ላይ ከሌለ ገምታችሁ አትሙሉ። ሽፋኑንም በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለራስ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማውጣት ይፈቀዳል። ያንኑ ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ላይ መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዘፋኙን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ ይጠይቃል። «ወዳጁ ስለሆንኩ ነው» የሚል መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሲጨርስ ክሩን ወደ አንዱ ጫፍ ጠቅልሉት፤ መሃል ላይ አይቅር። ከላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፣ በስህተት እላዩ ላይ እንዳይቀዳበት። ከስፒከር ርቆ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጥ። ከሰው የተዋሳችሁት ከሆነ ካሴቱን ከነሽፋኑ፣ ቅጂውን በፍላሽ ጨምራችሁ መልሱ፤ ሁለተኛውን ካርቶን የሚያወጡላችሁ ያኔ ነው።