የቦረናን ሜዳ ለማየት ለሚነሣ መንገደኛ

የቦረናን ሜዳ ማየት የሚሻ ሰው ማረፊያውን ያቤሎ ላይ ያድርግ፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገር የአገሩ ተወላጅም መንገድ መሪ አድርጎ ይያዝ። ለጉዞው ጥርና የካቲት ይመረጣሉ። በዝናብ ወራት ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ጭር ይላሉ፤ በበጋ ግን ዱብሉቅ ላይ ወጣቶች ከገንዳው እስከ ውኃው ድረስ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ የሞላውን መቅጃ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፉ ይታያሉ። ዜማው የሥራው ምት እንጂ ለእንግዳ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለምና፣ ጎብኚው ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት የውኃ ተራውን የሚመራውን አባ ሄሬጋ ያስፈቅድ፤ ወደ ገንዳው የሚወርደውን የከብት መንገድም አይዝጋ።

ኤልሶድ ወደሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ በማለዳ መውረድ ይበጃል፤ የመልሱ ዳገት በቀትር ፀሐይ እጅግ ይከብዳል። በጉድጓዱ ግርጌ ካለው ጥቁር ሐይቅ ሰዎች ጠልቀው የሚያወጡት ጨው በአህያ ተጭኖ ስለሚወጣ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ቅድሚያው የአህዮቹ ነው።

ታሪኩን ለመረዳት ሽማግሌዎችን ስለ ገዳ መጠየቅ ይገባል፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚተላለፍበትን ይህን ሥርዓት ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. መዝግቦታል። ሕግ የሚመከርበት የጉሚ ጋዮ ጉባኤም የሚውለው በየ8 ዓመቱ ነው።