ፋይሉ ዝም ሲል፦ በርቀት ትምህርት የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ለርቀት ተማሪዎች ቱቶሪያል መስጠት ከጀመርኩ ቆየሁ። አዲስ አስጠኚ በመጣ ቁጥር የማየው ስህተት ግን ያው ነው። ዘንድሮ አንዱ በጣም ስላንገበገበኝ ልጽፈው ተነሳሁ።

እሱም ሞጁሉን ፎቶ አንስቶ «ፒዲኤፍ ነው» ብሎ መላክ ነው። አምና አንድ ዐይነ ስውር ተማሪያችን ከወረባቦ ደወለልኝ። ራሱም አስተማሪ ነው። «መምህር፣ የላካችሁልኝ ፋይል ዝም ይላል» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ስልኩ ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል፤ የላክንለት ግን የገጽ ፎቶ ስለሆነ የሚነበብ ፊደል የለውም። ሴሚስተሩን ሙሉ የአምስተኛ ክፍል ልጁ ማታ ማታ ቁጭ ብላ ስታነብለት ከርማለች። እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት የእሱም ጥናት ያበቃል። ያ ሞጁል እኮ መጀመሪያውኑ ኮምፒውተር ላይ የተተየበ ነው! አትሞ፣ ፎቶ አንስቶ ከመላክ ዋናውን ፋይል መላክ ይቀል ነበር።

ዋናው ፋይልም ጣጣ አለው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፈ ስልክ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይከፈታል። የሚያነበው ስልክም ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው የሚያነበው። ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም የአማርኛ ፊደል በየስልኩ ሳይዛባ ወደሚከፈትበት አጻጻፍ፣ ቀይራችሁ ላኩ። ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ክፈቱና አንድ አንቀጽ ኮፒ ለማድረግ ሞክሩ። እምቢ ካለ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ደግሞ ዐይን ላለውም አይመችም፤ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ ፋይሉም ከብዶ ዳታ ይበላል።

የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አትላኩ። ድምፁን ብቻ አስር አስር ደቂቃ ቆርጣችሁ በቴሌግራም ልቀቁት፤ ደላንታ ያለ ሰው ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ሲወጣ ያወርደዋል። የማይሰሙ ተማሪዎችም ስላሉ የተናገራችሁትን በጽሑፍ አክሉበት።

ቀን አቆራረጥ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ። ባቲ ላይ የማካካሻ ቱቶሪያል ሰኞ ጠራሁ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከአፋርም ከደጋም ሰው የሚወርድበት ቀን። ከሃያ ምናምን ተማሪ ሦስት ብቻ መጡ። የቀሩትን «ግድ የላቸውም» ብዬ አማኋቸው። በኋላ አንዷ «ጋሼ፣ የሳምንቱን ወጪ የማገኘው በሰኞ ነው» ስትለኝ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ቀን የምቆርጠው ጠይቄ ነው። ጁምዓው አለ፣ የእሁድ ቅዳሴው አለ፣ የረመዳን ማፍጠሪያ አለ፣ አጨዳው አለ።

አዋቂን እንደ ልጅ አትቆጡ። አርፍዳ የመጣች እናት ቤቷን አስተካክላ፣ ልጅ አስተኝታ ነው የመጣችው። «አብሽሪ፣ ግቢ» በሏት።

አሳይመንቱም ከሰው ኑሮ አይራቅ። የሒሳብ አያያዝ አሳይመንት ላይ ደጋግማ የወደቀች ተማሪ ነበረችኝ። ጥያቄው በሕይወቷ አይታው ስለማታውቀው ፋብሪካ ነው። እሷ ግን ለዓመታት የዕቁብ ጸሐፊ ናት! የዕቁቡን ገቢና ወጪ በዴቢትና ክሬዲት እንድትመዘግብ ሰጠኋት። አንድም ቦታ ሳትሳሳት ሠርታ መጣች። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከሚሴ አካባቢ ስትሄዱ በኦሮምኛ ማስረዳት የሚችል አስጠኚ ይኑራችሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ያውም ስልክም ቴሌግራምም በሌለበት ዘመን።

የመጨረሻው፦ አሳይመንት ሰብስቦ አለመመለስ። የርቀት ተማሪ ከአስጠኚው ጋር የሚያገናኘው ያቺ ወረቀት ናት። «11/20» ብቻ ጽፋችሁ አትመልሱለት። የቱ ጋ እንደሳተ በሁለት መስመር ጻፉለት። እጃችሁ ከደከመ በድምፅ ቅዱና ላኩለት።