ቁና፣ ጣሳ፣ ፈረሱላ፣ ወቄት፦ ወደ ኪሎ እንዴት ይቀየራሉ?

ለገጣፎን አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ሸምቶ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል። አንዱ በኪሎ ይሸጣል፣ አጠገቡ ያሉት እናት በጣሳ ይሰፍራሉ፣ ቡና ያለው ሰውዬ ደግሞ ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ ነው። የቱ እንደሚረክስ ቆማችሁ ስታሰሉ የጋሪ ፈረስ ማጅራታችሁ ላይ ይተነፍሳል።

ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። «በሚዛን ነው በስፍር?» ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው። ፈረሱላና ወቄት ሚዛን ናቸው፤ ቁናና ጣሳ ግን ስፍር ናቸው። ሚዛን በአንድ ቁጥር ይቀየራል፣ ያልቃል። ስፍር ግን የሚነግራችሁ ዕቃው መሙላቱን ብቻ ስለሆነ «አንድ ቁና ስንት ኪሎ ነው?» ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ «የምን ቁና?» ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለሂሳብ እንዲመች ፈረሱላው 8500 ብር ተባላችሁ እንበል፣ ለ17 ስታካፍሉት ኪሎው 500 ይመጣል። ለ17 በቃል ማካፈል አይወጣላችሁም? ለእኔም አይወጣልኝም። ስለዚህ ዋጋውን በ6 አባዙና መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት አሃዞች ቁረጡ። 8500 በ6 ሲባዛ 51000፣ ሁለቱ ሲቆረጡ 510። ከትክክለኛው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም 6 ፈረሱላ 102 ኪሎ ነው፣ ከኩንታል በ2 ኪሎ ይበልጣል። ለድርድር ግን ከበቂ በላይ ነው።

ቡና ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፈረሱላው የተፈለፈለ ቡና ነው ወይስ ጀንፈል? ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ርካሽ መስሏችሁ የገዛችሁት 17 ኪሎ ቤት ሲደርስ 8 ወይም 9 ኪሎ ቡና ነው። ሲቆላ ደግሞ ከመቶ 15 ያህሉ በጭስና በእርጥበት ይሄዳል፣ ይሄኛው የማንም ጥፋት አይደለም።

ወደ ስፍር ስንመጣ ነው ጉዱ። በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል፣ ዳውላው ወደ ኩንታል ስለሚጠጋ ቁናው 5 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አካባቢ ነው ያልኩት። ቁና በእጅ የሚሰፋ ዕቃ ስለሆነ የአንዱ ቤት ከሌላው አይገጥምም፣ ከዚያም እህል እንደ ዓይነቱ ይመዝናል። አንድ ዕቃ ሙሉ ስንዴ 10 ኪሎ ቢመዝን፣ በዚያው ዕቃ ገብስ ስትሞሉበት 8 ኪሎ ገደማ ነው። የስንዴ ቁጥር ይዞ ገብስ የሚገዛ ሰው በየ10 ኪሎው ሁለት ኪሎ ይበላበታል።

እኔን የበላኝ ግን ገብስ አልነበረም፣ ጣሳ ነው። አንድ ቀን አምስት ጣሳ ምስር ገዝቼ ቤት ስመዝነው ከጠበቅሁት ከግማሽ ኪሎ በላይ ጎደለ። ቁልሉ አላታለለኝም፣ እንዲያውም ሴትየዋ «ምርቃት» ብለው እፍኝ ጨምረውልኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ ጣሳውን ገልብጬ አየሁት። ቂጡ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሁለት ጣት ያህል። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስላቸው «ልጄ፣ ወድቆ ነው» አሉኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል እንጂ እስካሁን የሰፈራቸው ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ጣሳ ይዤ ነው የምሄደው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውሰዱና ባዶውን መዝኑ። ከዚያ ውሃ ሙሉበትና ድገሙት፤ ልዩነቱ 1 ኪሎ ከሆነ ቆርቆሮው 1 ሊትር ይይዛል ማለት ነው። ውሃውን ደፍታችሁ በደንብ አድርቁት፣ ጤፍ ሙሉበት፣ አፉን በመዳፋችሁ ልሙጥ አድርጋችሁ መዝኑ፣ የቆርቆሮውን ቀንሱ። ምስርም፣ ሽሮም፣ በርበሬም እንዲሁ። የወጣውን ቁጥር በማርከር ቆርቆሮው ጎን ላይ ጻፉት፣ ወረቀት ይጠፋል። ተቆልሎና በልሙጥ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱንም ጻፉ። ዱቄት ነገር ሲሆን ዕቃውን አትነቅንቁት፣ ሲነቀነቅ ይጠቀጠቅና ቁጥሩ ይበላሻል።

ለማር ደግሞ ሊትርና ኪሎ አንድ ነው የሚላችሁን አትስሙ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ማር ያለ ፕላስቲኩ ወደ 7 ኪሎ መምጣት አለበት። 6 ኪሎ ከመጣ ውስጡ ውሃ አለ፣ አትከራከሩ፣ አስቀምጡትና ሂዱ። ዘይት የዚህ ተቃራኒ ነው፣ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል።

ወቄት ቀረ። የድሮው ወቄት የአንድ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ትሬዛ ብር ክብደት ነው፣ 28 ግራም ገደማ። ዜና ላይ ስለ ዓለም የወርቅ ዋጋ ሲወራ የምትሰሙት «ወቄት» ግን ብዙውን ጊዜ አውንስ ነው፣ የወርቁ አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው። የሦስት ግራም ልዩነት በርበሬ ላይ ምንም አይደለም፣ ወርቅ ላይ ግን የቤት ኪራይ ነው። የአያታችሁን ሐብል ልትሸጡ ከሆነ ወቄቱን ተዉትና በግራም አስመዝኑት፣ ካራቱንም አትርሱ፦ 18 ካራት ከሆነ ከአራት እጅ ሦስቱ ብቻ ነው ወርቁ።