ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ስትገዙ መጀመሪያ ክሩን ግፉት

ባሕር ዳር ላይ በርካሽ ያገለገለ ጊታር ለብሉዝ ሙዚቃ ልትገዙ ሄዳችሁ መብራት ከጠፋ፣ ይቺን ሞክሩ። ቀጭኑን ክር ከ12ኛው እስከ 15ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት የብረት ዘንጎች) በየተራ እየያዛችሁ አንድ ሙሉ ቶን (የሁለት ፍሬት ያህል) ድምፁ እስኪወጣ ወደ ጎን ግፉት። የጊታሩን ቀንድ (ከአንገቱ አጠገብ ወጣ ያለውን የአካሉን ጫፍ) አገጫችሁ ላይ ብታስደግፉት ያለ አምፕም (ያለ ድምፅ ማጉያም) ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፁ መሃል ላይ ታፍኖ ከጠፋ ጠርጥሩ፤ የጣት ሰሌዳው ጎበጥ ያለ ስለሆነ የተገፋው ክር ከፊቱ ያለውን ፍሬት እየነካ ነው። ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት መደገፊያ) ላይ ክሩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከዳነ ዋጋ አስቀንሱበት፤ ካልዳነ ተዉት። ብሉዝ ያለ ቤንድ (ያለዚህ ክር መግፋት) ማሲንቆ ያለ ጭራ ነው። የዛገ ክር ግን አያስደንግጣችሁ (ጣና ዳር ምን የማይዝግ አለ?)፣ ይቀየራል። ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) በዚህ መንገድ ማወቅ አይቻልም፤ ብሩን ሳትቆጥሩ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ።